የዘፈነ ቀድሞ ይበላል

ርዕሱን ስታነቡ “ይበላል” የምትለዋን ቃል እንዳላላችኋት እገምታለሁ። እባካችሁ አጥብቋት። የዕድሜዬን ግማሽ ያህል ተማሪ ፊት ቆሜ ስለ መጥበቅና መላላት ስለፈለፍኩ፣ ይህችን ታህል የማዘዝ መብት ያለኝ ይመስለኛል። ላልታ ስትነበብ ዘፋኙ ከሁሉ ቀድሞ እጁን ታጥቦ ገበታ ይቀርባል፤ ጠብቃ ስትነበብ ግን ገበታው ላይ የተቀመጠው ራሱ ዘፋኙ ነው። የዛሬው ወሬዬ ስለ ሁለተኛው ነው።

ነገሩ የፌንጣ ነገር ነው። “ስንት የሚጻፍ ጉዳይ ባለበት አገር ፌንጣ!” የምትሉ አትጠፉም። ታገሡኝ። ሳር ላይ የምትዘለዋን አረንጓዴዋን ማለቴ አይደለም፤ ቡናማዋን፣ ማታ ማታ ጓዳ ጥግ ወይ የድንጋይ ካብ ሥር ተሸጉጣ ጭርርር የምትለዋን ነው። ፈረንጆቹ ክሪኬት ይሏታል (እንግሊዞች ከሚጫወቱት ጨዋታ ጋር እንዳይምታታባችሁ)። የእኛ ቋንቋ እዚህ ላይ የሚገርመኝ ነገር አለው። ድምፅ የጠፋበትን ቦታ “ጭር አለ” እንላለን። ሰው ተኝቶ፣ ውሻው አፉን ዘግቶ፣ ምንም የሚሰማ ነገር ሲጠፋ የሚሰማው ደግሞ ያቺው ጭርርታ ናት። የቃሉ ምንጭ ይህ ነው ብዬ ከማንም ጋር አልከራከርም። ጆሮዬ ግን ሁለቱን ለይቶ አያውቅም። ያደግሁት በዚያ ድምፅ ውስጥ እየተኛሁ ነው። ስለዚህ “ፌንጣ እንቅልፍ ነሳችኝ” የሚል አቤቱታ፣ ያውም ከገዛ እህቴ ስሰማ፣ ጆሮዬ ቀጥ ብሎ ቆመ።

አቤቱታው የቀረበልኝ በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ነው። እህቴ እዚያ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ የሌሊት ተረኛ ናት። ማታ ትወጣለች፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እግሯን እየጎተተች ትገባለች። ባልየው ሹፌር ነው፤ እሱ ሲወጣ እሷ ትገባለች። ቀን የምትተኛው ቤዝመንት ነው። ቤዝመንት ማለት ከመሬት በታች ያለው የቤቱ ክፍል ነው፤ ጨለማ ስለሆነ ቀን ለሚተኛ ሰው ይመቻል። አንድ የ12 ዓመት ልጅ አላቸው። ልጁ ውሻ ፈልጎ ነበር። የአከራዩ ውል ግን ውሻም ድመትም አይፈቅድም። ውሉን ቁጭ ብለው ሲመረምሩት ስለ እንሽላሊት አንድም መስመር አልተጻፈም። እናላችሁ… እንሽላሊት ተገዛ።

እንሽላሊቱ የአውስትራሊያ ዘር ነው። አንገቱ ሥር ሾህ ሾህ የሚመስል ጢም አለው፤ ሲቆጣ ይነፋዋል፣ ያጠቁረዋል። አውስትራሊያ የዱር እንስሶቿን ለንግድ ወደ ውጭ መላክ ከከለከለች አሥርት ዓመታት ስላለፉ፣ አሜሪካ ቤቶች ውስጥ ያሉት እዚያው ተራብተው የተወለዱ ናቸው። ልክ እንደ እህቴ ልጅ ማለት ነው፤ አገሩን አያውቀውም። ልጁ ጢሙን አይቶ ያወጣለት ስም “ጋሼ” ነው። ጢም ያላቸውን ትልልቅ ሰዎች ሁሉ ጋሼ ስንል ሰምቶ። እኔም በዚያ ቤት ጋሼ ነኝ። “ጋሼ በላ?” ሲባል ሁለታችንም ቀና እንል ነበር።

ጋሼ (እንሽላሊቱን ማለቴ ነው) እንደ እንግዳ የሚከበር ፍጥረት ነው። አይጮኽም፣ አይሸትም፣ ሶፋ አይቧጭርም። ቀን መብራቱ ሥር ይሞቃል፣ ማታ ይተኛል። አከራይም ጎረቤትም ቅር የሚያሰኝ ምንም የለውም። ችግሩ ምግቡ ነው። ልጅ እያለ በቀን ሠላሳ አርባ ፌንጣ ይጠፋለታል፤ ያውም የምትንቀሳቀስ፣ በሕይወት ያለች ፌንጣ። ሲያድግ ወደ ቅጠላ ቅጠሉ ያዘነብላል፤ እስከዚያው ግን ሥጋ በል ነው። ፌንጣዎቹ በካርቶን ታሽገው፣ አምስት መቶ አንድ ሺህ እየሆኑ በፖስታ ይመጣሉ። በችርቻሮ ከሆነ አንዷ አሥር አሥራ አምስት ሳንቲም ታወጣ ነበር፤ የዶላር ሳንቲም። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ሲወረን፣ ገበሬው ጣሳ እየደበደበ፣ ጅራፍ እያጮኸ ከማሳው ሲያባርር የነበረበት አገር ሰው ነኝና፣ ለፌንጣ የፖስታ ሒሳብ ሲከፈል ሳይ ትንሽ ጊዜ ወስዶብኛል። እኛ ጮኸን ነፍሳቱን እናባርራለን፤ እነሱ ነፍሳቱን ገዝተው ጩኸቱን ያባርራሉ።

ይህ እንግዲህ የቀልድ ንግድ አይደለም። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ፌንጣ በእርሻ ደረጃ ማርባት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና 50ዎቹ፣ ለዓሣ አጥማጆች ማጥመጃ ነበር። በኋላ እንሽላሊት የሚያሳድገው ሰው ሲበዛ ደንበኛው ተለወጠ። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2010 ባለው ጊዜ ፌንጣን የሚያጠቃ ቫይረስ የሰሜን አሜሪካ እርሻዎች ውስጥ ገብቶ ሚሊዮኖችን ሲጨርስ፣ የከሰሩ፣ በራቸውን የዘጉ አርቢዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ አንዳንዶች ቫይረሱን ወደሚቋቋም ሌላ ዝርያ ዞረዋል፤ አሳዳጊዎቹ ደግሞ ይህኛው ድምፁ ለስለስ ይላል እያሉ ያሞግሱታል። እህቴ ቤት የሚመጣው ግን የድሮው፣ ባለ ሙሉ ድምፁ ነበር።

ድምፁን ላስረዳችሁ። የሚጮኸው ወንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ክንፍ ካወጣ በኋላ። በአፉ አይደለም። አንዱ የፊት ክንፉ ላይ እንደ ሞረድ ጥርስ ጥርስ ያለ መስመር አለ፣ ሌላው ላይ የሚፍቅ ጠርዝ አለ፤ ሁለቱን ያፋትጋቸዋል። ሴቷ የምትሰማው የፊት እግሯ ላይ፣ ከጉልበቷ ዝቅ ብሎ ባለው ጆሮዋ ነው። ድምፁ በሴኮንድ ከ4 እስከ 5 ሺህ ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ይህ ደግሞ የሰው ጆሮ አጥርቶ ከሚሰማው ክልል ውስጥ ነው። ከየት እንደሚመጣ ግን ጆሯችን ለመለየት ይቸገራል። ልትፈልገው ስትነሣ ዝም፤ ስትተኛ ይቀጥላል። ሙቀት ሲያገኝ ይፈጥናል፣ ሲበርደው ይጎተታል። ኤሞስ ዶልቤር የሚባል አሜሪካዊ የፊዚክስ ሰው እ.ኤ.አ. በ1897 ይህንን ፍጥነት በቀመር አስቀምጦ፣ ጩኸቱን ቆጥሮ የአየሩን ሙቀት ማወቅ እንደሚቻል ጽፏል። ለቴርሞሜትር የሚሆን ፍጡር ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ቤዝመንቱ እንውረድ። ፌንጣዎቹ የተቀመጡት እዚያ ነው፤ የውኃ ማሞቂያው አጠገብ፣ ሙቀት እንዲያገኙ ተብሎ። ጨለማና ሙቀት! ለእህቴ እንቅልፍ ሲባል መጋረጃው በተጠበቀ ቁጥር ለእነሱ ሌሊት ይሆንላቸዋል። እሷ እንድትተኛ የሚደረገው ነገር ሁሉ እነሱን ያዘፍናል። ይኼ ሁሉ ሲሆን ጋሼ አንደኛ ፎቅ፣ መብራቱ ሥር፣ በሰላም ዓይኑን ጨፍኗል።

ምክር የሚሰጠው መቼም አይጠፋም። እኔም የድሮ ሥራዬ ጽሑፍ መተቸት ስለሆነ፣ እንሽላሊቱ ሲገዛ ከሱቁ የተሰጠውን የአያያዝ ወረቀት አውጥቼ እንደ ተማሪ ድርሰት አነበብኩት። አንድ ገጽ ነው። ከዚያች ገጽ እኩሌታው ስለ መብራቱ ነው፤ ምን ዓይነት አምፖል፣ ስንት ዋት፣ ከስንት ወር በኋላ አዲስ ይገዛ። ስለ ፌንጣ ሁለት መስመር። ስለ ጩኸቷ ምንም። ወረቀቱ እንሽላሊቱን ባለቤት ያለው፣ ስም ያለው፣ ጤና ያለው አድርጎ ይተርካል፤ ፌንጣዋን ከዱቄትና ከጨው እኩል ሸቀጥ አድርጎ ያልፋታል። ሸቀጥ ደግሞ ድምፅ የለውም። ስለዚህ ድምፅ ስታወጣ አንባቢው ምን እንደሚያደርግ ግራ ይገባዋል፤ መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ገጸ ባሕርይ መናገር ጀምሮበታልና።

ክፍተቱን የወዳጅ ዘመድ ምክር ሞላው። አንዱ “ፍሪጅ ውስጥ ክተቱና ፈዘው ዝም ይላሉ” አለ። ፈዘው ዝም ይላሉ፣ እውነቱን ነው፤ ብዙ ከቆዩ ደግሞ ሞተው ዝም ይላሉ። ሌላው “ምግብ ከልክሏቸው፣ ጉልበት ሲያጡ ማን ይዘፍናል?” አለ። ይህ ምክር ከሁሉም የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ጉዳቱ ወደ ጋሼም ይዞራል። ፌንጣ በሆዷ ካልያዘች ባዶ ገለባ ናት። ከመበላቷ በፊት ባለው ቀን ጎመንና ካሮት በልታ መዋል አለባት፤ ካልሲየሟ ስለሚያንስም ነጭ ዱቄት ይነሰነስባታል፤ አለዚያ የእንሽላሊቱ አጥንት ይለሰልሳል፣ ይጎብጣል። ተርባ ያደረች ፌንጣ ደግሞ እንሽላሊቱ ቤት ውስጥ ሳትበላ ካመለጠች፣ ሌሊት ተኝቶ ሳለ እሷው ትነክሰዋለች። ፍትሕ ከተባለ ይኼም ፍትሕ ነው።

ከሁሉም ያሳቀኝ ግን የበረሮው ምክር ነው። በእንሽላሊት አሳዳጊዎች ዘንድ የተወደደ አንድ የደቡብ አሜሪካ በረሮ አለ። አይጮኽም፣ በለስላሳ መስታወት ላይ መውጣት አይችልም፣ ከፌንጣ ይበልጥ ዕድሜ አለው፣ ሥጋውም ብዙ ነው። በሳይንሱ በኩል የሚነቀፍ ምክር አይደለም። ባልየው ይህንን ለእህቴ በእርጋታ ሲያስረዳ፣ ሻይዋን አስቀመጠችና “በረሮ?” አለች። “አዎ፣ ግን ይኼኛው…” “በገንዘብ?” “አዎ፣ ንጹሕ ነው ይባላል…” “እኔ መርካቶ የተወለድኩ ሴትዮ በረሮ ስገድል ነው ያደግኩት። አሜሪካ ድረስ መጥቼ በዶላር ልገዛ?” የበረሮ ጉዳይ በዚያው ተዘጋ። አንዳንድ ምክር ትክክል ሆኖም አይሠራም።

እስኪ አንዴ ወደ መጻሕፍቱ ልሂድ። ወዳጆቼ ይህን ልማዴን ታውቁታላችሁ። ቻይናውያን ይህንኑ ነፍሳት ለድምፁ ሲሉ ከሺህ ዓመት በላይ አሳድገውታል። በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የቤተ መንግሥት ሴቶች በትንንሽ የወርቅ ጎጆ ውስጥ እያኖሩ ትራሳቸው አጠገብ ያስቀምጡትና ሌሊቱን ሲያዳምጡት ያድሩ እንደነበር ተጽፏል። እህቴን የሚያሳብዳት ድምፅ ለእነሱ የእንቅልፍ መድኃኒት ነበር ማለት ነው። እነሱም ራሳቸው የወርቅ ጎጆ ውስጥ ነበሩና፣ ምን እየሰሙ እንደሚተኙ እነሱ ያውቃሉ።

ወደ ምዕራብ ስትመጡ ነገሩ ይከፋል። የኤዞጵን የጉንዳንና የፌንጣ ተረት የማያውቅ የለም። በጋውን ስትዘፍን የከረመች ፌንጣ ክረምት ላይ ጉንዳን ደጅ ቆማ ትለምናለች፣ ጉንዳን ይከለክላታል። ተማሪዎቼን ይህቺን ተረት ስጠይቃቸው ሁልጊዜ የጉንዳንን ትጋት ይነግሩኝ ነበር። ጉንዳን ሥራውን ሲሠራ የማንን ዘፈን እየሰማ እንደሠራ የጠየቀኝ አንድ ሁለት ቢሆን ነው። የካርሎ ኮሎዲ ፒኖኪዮ ደግሞ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1883 መጽሐፍ ሆኖ የወጣው። ካርቱኑን ያያችሁ ሰዎች ፌንጣውን ባርኔጣ ያጠለቀ፣ ጃንጥላ የያዘ፣ እስከ መጨረሻው ከልጁ የማይለይ ወዳጅ አድርጋችሁ ነው የምታውቁት። ኮሎዲ የጻፈው ሌላ ነው። ያቺ የምትናገር ፌንጣ መቶ ዓመት በኖረችበት ቤት ግድግዳ ላይ ሆና ፒኖኪዮን ትመክረዋለች፤ ልጁ ይበሳጫል፣ መዶሻ ያነሳል፣ ይወረውራል፣ ግድግዳው ላይ ይለጥፋታል። ገና በአራተኛው ምዕራፍ! የእህቴ ልጅ ካርቱኑን ያውቃል፤ ይህንን ስነግረው አላመነኝም።

የሆነው ሆኖ ለቤዝመንቱ ችግር እውነተኛ መፍትሔ ነበረው፤ ያገኘውም ልጁ ነው። ወንዱና ሴቷ ሲለዩ ቀላል ነው። ሴቷ ኋላዋ ላይ ከሁለቱ ጭራ መሰል ፀጉሮች መካከል ረዘም ያለ መርፌ የመሰለ እንቁላል መጣያ አላት፤ ሦስት ጭራ ያላት ትመስላለች። ወንዱ ሁለት ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ሁለት ጭራ ያለውን፣ ክንፍ ያወጣውን እየለቀሙ መጀመሪያ እሱን መመገብ። ወንዶቹ ካለቁ ሣጥኑ ዝም ይላል። ልጁ በባትሪ መብራትና በባዶ የሽንት ቤት ወረቀት ጥቅልል (ፌንጣዎቹ እዚያ ውስጥ መደበቅ ይወዳሉ) አንድ ከሰዓት ሙሉ ሲለቅም ዋለ። ጎበዝ ልጅ ነው። እንዴት እንደሚለያቸው ስጠይቀው በዚያች በተሰባበረች አማርኛው “ቀላል ነው ጋሼ፣ የሚዘፍነውን ነው የማነሳው” አለኝ።

በሦስት ቀን ቤቱ ጭር አለ። ጋሼ ጠገበ፣ እህቴ ተኛች፣ ባልየው “ተመስገን” አለ። ምክሩ ይሠራል፤ ለሚጠይቀኝም ሁሉ ይህንኑ እመክራለሁ። የሚያስጨንቀኝ ይህን ያህል ያለ ምንም እንከን መሥራቱ ነው። አንድ ሺህ ፍጥረት ከታሸገበት ሣጥን ውስጥ ማን ቀድሞ እንደሚወጣ የሚወስነው በድምፁ ራሱን የሚያስታውቅ መሆኑ ነው። ሌሎቹም ይበላሉ፣ ግን ቆይተው። ዝም ማለት አላተረፋቸውም፤ ቀጠሮ ነው ያስረዘመላቸው።

ይህ የሰው ሥራ ብቻ አለመሆኑን ደግሞ ስታውቁ ነው ነገሩ የሚገርማችሁ። ሃዋይ ውስጥ ካዋይ የምትባል ደሴት አለች። እዚያ የሚኖሩት የሜዳ ፌንጣዎች አንድ ጠላት አላቸው፤ ከሰሜን አሜሪካ የመጣች ዝንብ። ዝንቧ የምታድነው በጆሮዋ ነው። ወንዱ ሲዘፍን ትሰማለች፣ ድምፁን ተከትላ መጥታ ትሏን ትጥልበታለች፤ ትሉ ሰውነቱ ውስጥ ገብቶ ከውስጥ ይበላዋል። ማርሊን ዙክ የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ ደሴቲቱን ለዓመታት ሲከታተሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ ነገር አስተዋሉ። ጩኸት የለም፤ ፌንጣ ግን ሞልቷል። ክንፋቸው ላይ ያ ሞረድ የሚመስለው መስመር ጠፍቶ ለጥ ብሏል። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲታተም፣ ከ20 ትውልድ ባነሰ ጊዜ ከመቶው ወንድ ከዘጠና በላይ የሚሆነው መዝፈን የማይችል ሆኖ እንደተገኘ አስረዳ።

እንግዲያውስ ሴቷን እንዴት ያገኟታል? መልሱን ሳነብ ስንት የማውቀው ሰው ፊቴ መጣ መሰላችሁ! ዝም ያሉት ሄደው ገና ከሚዘፍኑት ጥቂቶች አጠገብ ይቆማሉ። ሴቷ ዘፈኑን ሰምታ ስትመጣ መንገድ ላይ ይቀበሏታል። ዘፋኙ ዝንቧንም ሴቷንም ይጠራል፤ ዝንቧ ለእሱ ትደርሰዋለች፣ ሴቷ ለዝምተኛው። እኔ በነበርኩበት የትምህርት ክፍል ስብሰባ ላይ እንዲህ ያሉ ሰዎችን አይቻለሁ። አንዱ ይነሳና ስለ ሁሉም ይናገራል። የተናገረው ይፈጸማል፤ ደመወዙም ይስተካከላል፣ ቢሮውም ይታደሳል። ተናጋሪው ግን በዓመቱ እዚያ የለም። አጠገቡ ጸጥ ብለው የተቀመጡት አዲሱ ቢሮ ውስጥ ቡና ይጠጣሉ። ከነሱ ምንም ጥፋት አታገኙም። አልተናገሩማ!

ግን ደግሞ ነገሩን በአንድ ወገን ብቻ ልይዘው አልፈልግም፤ ምክንያቱም እዚያ ቤት ውስጥ ሌላ ዝምተኛም ነበረች። እህቴ ያንን ጩኸት ከእኔ መምጣት በፊት ሁለት ወር ሙሉ ስትሰማው ነበር። ሁለት ወር! በቀን ሦስት ሰዓት ተኝታ፣ ሌሊት የሰው እናት ስታገላብጥ። ለማን ተናገረች? ለማንም። ለምን ብዬ ስጠይቃት “ልጁ ብቻውን ነው የሚውለው፣ ወንድም ጋሼ። ያቺን እንሽላሊት ሲያወራት ከላይ ይሰማኛል። ‘አውጣልኝ’ ብለው ከማን ጋር ያወራል?” አለችኝ። ባልየውም ልጁም ክፉ ሆነው አይደለም። ምንም ስላላለች ምንም የለም ብለው ነው። ያ ቤት ጩኸት መኖሩን ያወቀው እሷ ሻይ ስትቀዳ እጇ ተንቀጥቅጦ ብርጭቆ ከሰበረች በኋላ ነው። ፌንጣዎቹ ግን የመጡ ዕለት ነው መኖራቸውን ያሳወቁት።

ስለዚህ “ዝምታ ወርቅ ነው” ለሚለኝ ሰው ቤዝመንቱን አሳየዋለሁ። የጮኸው ተበላ፤ ያልጮኸችውን ማንም አላያትም። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እኔ ስብሰባ ላይ ከሚናገሩት ወገን ነበርኩ፤ መልሴን ከዚያ ገምቱ።

“ይኼ የፈረንጅ አገር ጣጣ ነው” ብላችሁ እንዳትዘጉት፣ የፋሲካን ዋዜማ አስታውሱ። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ያውቀዋል። አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ በግ ታስሯል። ከመንጋው ተለይቶ፣ ደረጃ በገመድ ተጎትቶ ወጥቶ፣ ሲሚንቶ ላይ ቆሟል። ሌሊቱን ሲጮኽ ያድራል። ሕፃን ይነቃል፣ ሕመምተኛ ይገላበጣል። ጠዋት በደረጃው ላይ ስትገናኙ ባለ በጉ ያፍራል፤ “ይቅርታ እንግዲህ፣ ዛሬን ብቻ ነው፣ ነገ ዝም ይላል” ይላል። እናንተም “ኧረ ምን ችግር አለው” ትላላችሁ። ነገ ለምን ዝም እንደሚል ሁለታችሁም ታውቃላችሁ። እኔም ዶሮውንም በጉንም የምበላ ሰው ነኝ፤ ጾም ሲፈታ ከማንም ቀድሜ ነው የምቀመጠው። የምጠይቀው ለዚያች ለአንዲት ሌሊት ውኃና ሳር፣ ከተቻለም ሌላ በግ አጠገቡ ይኑር ነው። ብቻውን ያልታሰረ በግ ጩኸቱ ይቀንሳል። ግን እኛ ጩኸቱን የምናስታግሰው ቀኑን በመቁጠር ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤት አሁን እንዴት እንደሆነ የምትጠይቁኝ ካላችሁ፣ በስልክ እንደሰማሁት ልጁ ፌንጣ የሚያዘው ትንንሹን፣ ክንፍ ያላወጣውን ነው። ክንፍ እስኪያወጣ ድረስ ሳምንታት ስላለው፣ ጋሼ በብዛት ከዚያ በፊት ይደርስበታል። ሣጥኑም ከቤዝመንት ወጥቶ የልጁ መኝታ ክፍል ገብቷል። ይህንን ያለው ልጁ ራሱ ነው፤ “የእኔ ናቸው፣ ከጮኹም ለእኔ ይጩኹ” ብሎ። ሲበርዳቸው ዝም እንዲሉ ጋራዥ ይግቡ የሚለውን የአባቱን ሐሳብ ልጁ አልተቀበለውም፤ የሜሪላንድ ክረምት ይገድላቸዋል።

ያንን የሱቅ ወረቀት እኔ ይዤው መጣሁ፤ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ኅዳጉ ላይ በእርሳስ ሦስት መስመር ጽፌበታለሁ፤ ተማሪ ድርሰት ላይ እንደማደርገው። አንደኛ፦ ወንዱ ክንፍ ሲያወጣ ይጮኻል፤ ስለዚህ ትንንሹን ግዛ። ሁለተኛ፦ ከመመገብህ አንድ ቀን በፊት ጎመን፣ ካሮት፣ የሚጠጡትም ነገር ስጣቸው፤ መደበቂያም አብጅላቸው። ሦስተኛውን ያጻፈችኝ እህቴ ናት፦ ሣጥኑን ከማስቀመጥህ በፊት በቤቱ ውስጥ ቀን የሚተኛ ሰው እንዳለ ጠይቅ፤ ካለም የት እንደሚተኛ ሄደህ እይ። ወረቀቱ ላይ ቦታ የለም እንዳይሉ፣ የአምፖሉ ማስታወቂያ ብቻውን አሥራ አንድ መስመር ይዟል።